ሙግት ሊሰማ የመጣው ሰው

በሞላሌ ፍርድ ቤት ደጃፍ ችሎት በዋለ ቀን ብትቆሙ፥ ከሳሽም ተከሳሽም ምስክርም ያልሆነ ሰው አታጡም። የመጣው ሙግት ሊሰማ ነው። የርስት ክርክር ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ በኖረበት በመንዝ ምድር፥ አንደበተ ርቱዕ ተሟጋችን ማድመጥ እንደ ትምህርት ይቆጠር ነበር። በቀድሞው ዘመን እንዲያውም አላፊ አግዳሚው ራሱ ዳኛ ይሆን ነበር፤ በመንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች መንገደኛውን አስቁመው «ፍረደን» ይሉት ነበርና።

ተማሪዎች ሆይ፤ ይህን ሥራ ፈት የሚመስል አድማጭ የልብ ወለድ ተራኪ ያደረገ ኢትዮጵያዊ ደራሲ አለ። የብዕር ስሙ ሀማ ቱማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በአዲስ አበባ ተወለደ። በዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ፤ ዳሩ ግን የተማሪዎች ንቅናቄ ከጠበቃ ካባ ይልቅ ወደ ትግል ሳበው። ሦስት ተከታታይ መንግሥታት አገዱት፤ ረጅም ዘመንም በፓሪስ በስደት ኖረ። በዚያም ግጥምና መጣጥፍ፥ አጫጭር ልብ ወለድም ጻፈ።

ከሁሉ የታወቀው ሥራው በ1993 እ.ኤ.አ. በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ የታተመው ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሶሻሊስቱ ጠንቋይ ጉዳይና ሌሎች ታሪኮች» ይሆናል። የመጀመሪያው ክፍል የደርግን ዘመን ችሎቶች ያሳያል። ተራኪው ችሎት መታደም ሱስ የሆነበት ሰው ነው። የክሶቹ ስም ብቻ እንኳ ያስቃል፤ አንዱ ማይም አሻጥረኛ ነው፥ በሌላው የተከሰሰው ሐሳብ ነው።

«ደም በፈሰሰበት ነገር እንዴት ይሳቃል?» የሚሉ አሉ። ተቃውሟቸው ቀላል አይደለም፤ በእኔም አስተያየት ፌዙ አልፎ አልፎ ልክ ያልፋል። ሆኖም አንድ ነገር አስቡ። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ከወደቁት ወጣቶች እጅግ ብዙዎቹ በችሎት ፊት አልቆሙም፤ ክሳቸው አልተነበበላቸውም፥ መልስ ስጡ አልተባሉም። ሬሳቸው በአደባባይ ሲጣል ወላጆቻቸው እንዳያለቅሱ የተከለከሉበት ጊዜ ነበር። ሕግ የተማረው ደራሲ በወረቀት ላይ ችሎት ሠራ፤ ችሎቱ ጠማማ ነው፥ ዳኝነቱም መሳለቂያ ነው፥ ተከሳሹ ግን ይናገራል። እውነተኛው ዘመን የነፈጋቸውን ቃል ልብ ወለዱ ሰጣቸው። ይህን በለቅሶ ቢጽፈው ኖሮ ሐዘናችንን ባገኘ ነበር፤ በፌዝ ስለ ጻፈው ግን የከሳሹን አነጋገር እርቃኑን አስቀረው። ጨካኝ ሥልጣን ዕንባን ይችላል፥ ሣቅን አይችልም።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ መጻፉ ይቆጨኛል። ተከሳሾቹ ሲከራከሩ ባነበብሁ ቁጥር አማርኛቸው ከስሩ ይሰማኛል። ከእናንተ እንግሊዝኛው የሚቀናው ርእሱን ለመጽሐፉ ከሰጠው ታሪክ ይጀምር፤ ከዚያም መጽሐፉን ዘግቶ፥ ለአያቱ ወይም ለጎረቤቱ በአማርኛ ይተርክላቸው፤ የት ላይ እንደሚስቁም ይመልከት።