የልብ ደጃፍ ሳይጠብ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለቤት እሳት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለልብ ሕመምም ይሠራል።

በግራ ልባችን ላይኛና ታችኛ ክፍል መካከል ሚትራል የሚባል ባለሁለት ክንፍ ደጃፍ አለ። ደም ወደ ፊት እንዲያልፍ ይከፈታል፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋል። በአገራችን ይህን ደጃፍ አብዝቶ የሚያበላሸው በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ቁስል በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ ሰውነት በሽታውን ለመከላከል ያነሣው ኃይል ተመልሶ የገዛ ልቡን ሊያጠቃ ይችላል። እንጥል ማስቆረጥም ከዚህ አያድንም። ልጁ ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ይቆይና፣ ዳገት መውጣት ሲያቅተው ደጃፉ ጠብቦ ይገኛል።

ኤኮ የሚባለው መሣሪያ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ የልብን እንቅስቃሴ በምስል ያሳያል። የጤነኛ ሰው ሚትራል ደጃፍ ሲከፈት ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ ከ1.5 ካልበለጠ ጥበቱ የከፋ ነው። ምስሉ የነገውንም ያመለክታል። ዊልኪንስና ባልደረቦቹ በ1981 ዓ.ም. ባሳተሙት የ16 ነጥብ መለኪያ መሠረት፣ የታማሚው ነጥብ ከ8 ካልበለጠ፣ ደረት ሳይከፈት ደጃፉን በፊኛ ማስፋት ብዙውን ጊዜ ይሳካል።

«የልብ ቀዶ ሕክምና ሩቅ ከሆነ ምስሉን ማየት ምን ይረባል?» የሚሉ ይኖራሉ። መልሱን ከኡጋንዳ እናገኛለን። በ2014 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ ሕመማቸው ገና ሳይሰማቸው በኤኮ የተገኘባቸው 799 ልጆች ለሁለት ዓመት ተጠኑ። በየ4 ሳምንቱ ፔኒሲሊን ከተወጉት 399 ልጆች የባሰባቸው 3 ብቻ ሲሆኑ፣ ካልተወጉት 400 ግን 33 ናቸው። እንግዲህ በጊዜው የታየ ልብ በመርፌ ሊጠበቅ ይችላል ማለት ነው።

በየካቲት 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአፍሪቃ ኅብረት የተሰበሰቡ ባለሙያዎችም፣ የልብ ኤኮ መሣሪያና ዕውቀቱ ከታላላቅ ከተሞች ወጥቶ ወደ ገጠር እንዲደርስ መክረዋል። ከቦረና ደጋ ወደ መካነ ሰላም፣ ከዚያም በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ መመላለስ ለገበሬ ቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ ታማሚው መሣሪያውን ፍለጋ ከሚሄድ፣ በእጅ የሚያዘው ትንሽ ኤኮ ከሠለጠነ ነርስ ጋር በዓመት አንድ ጊዜ ወደየትምህርት ቤቱ ቢመጣ ይሻላል። ሕመም የተገኘበት ልጅ ስሙ ተመዝግቦ መርፌው ሳይቋረጥ ይሰጠው። ምስል ያስጠነቅቃል እንጂ ብቻውን አያድንምና።

ወላጆቻችንም ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ «ብርድ ነው፤ ይለቀዋል» ብላችሁ አትተዉት፤ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።