እሳት አመድ ወለደ?

ከጎበዝ አባት ደካማ ልጅ ሲወጣ «እሳት አመድ ወለደ» እንላለን። ውለታው መና የቀረበት ሰው «እጄ አመድ አፋሽ ነው» እያለ ያዝናል። ከንቱው በደኅናው ሲሣለቅ ደግሞ «አመድ በዱቄት ይስቃል» ይባላል። በቋንቋችን አመድ የደካማነት ምሳሌ ነው፤ ይህ ግን የምድጃው አመድ ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ምድር ከሃይሊ ጉቢ ተራራ የተነሣው አመድ ከዚህ ተረት ጋር ዝምድና አልነበረውም።

ከዚያ ቀን በፊት የፈነዳበት ዘመን በታሪክ ያልተመዘገበው ይህ ተራራ አመዱን ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወረወረው። ነፋስ ተሸክሞ ቀይ ባሕርን አሻገረው፤ በየመንና በኦማን ሰማይ አልፎ ፓኪስታንንና ሰሜን ሕንድን ነካ፤ በሕንድም በረራዎች ተሰረዙ። ለመሆኑ አውሮፕላንን የሚያህል ነገር አመድን ስለ ምን ይፈራል? የእሳተ ገሞራ አመድ የተቃጠለ እንጨት ትራፊ ስላልሆነ ነው። የደቀቀ ዐለትና መስተዋት ነው፤ በሞተር ውስጥ ቀልጦ እንደገና ይረጋል፤ ሞተሩንም ያንቃል። በሰኔ 1974 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ ሰማይ የአንድ የብሪታንያ አውሮፕላን አራቱም ሞተሮች ተከታትለው የጠፉት በዚሁ ሳቢያ ነበር።

ዛሬ ዘጠኝ ማዕከላት የዓለምን ሰማይ ተከፋፍለው የአመድን ጉዞ ይከታተላሉ። የእኛን ሰማይ የሚጠብቀው በፈረንሳይ ቱሉዝ የሚገኘው ነው። የአመዱን ከፍታ፣ የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት፣ የቅንጣቱን መጠን በስሌት አዋሕደው «ነገ በዚህ ያልፋል» ይላሉ። ይህ የአንድ አገር እውቀት አይደለም። በእኛም አገር በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ስትሰነጠቅ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ነገሩን መርምረዋል። በጥር 2014 ዓ.ም. የታተመ የኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች የጋራ ጥናት ደግሞ በኦሞ ኪቢሽ ከሰው ቅሪት በላይ የተነጠፈውን አመድ ከሻላ ፍንዳታ ጋር አገናኝቶ፣ የዚያን ሰው ዕድሜ ቢያንስ ወደ 233,000 ዓመት ገደማ አደረሰው። ደካማ ያልነው አመድ የዘመን ማኅተም ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

እኔ ይህን የምጽፈው ከጥያ ነው። እዚህ ዩኔስኮ የመዘገባቸው 36 ሐውልቶች አሉ፤ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ሰይፉን ማንም ይለየዋል፤ የሚበዙት ምልክቶች ግን እስከ ዛሬ ፍቺ አልተገኘላቸውም። ቀራጩ መልእክቱን ለዘለዓለም አጽንቶ ተወው፤ የሚያነበው ግን ጠፋ። የአመድን ካርታ ባየሁ ቁጥር እነዚህ ድንጋዮች ይታወሱኛል። አብራሪው ያን ካርታ ያነበዋል፤ ተምሮታልና። የአፍዴራው አርብቶ አደርስ? በዚያ ሰሞን በሰው ላይ የሞት አደጋ መድረሱ አልተሰማም፤ መንደሮች ግን አመድ ለበሱ፤ የከብቱም ግጦሽ ተሸፈነ። አስቀድሞ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ኤርታ አሌ ሲፈነዳ ቅላጩ ዐለት ከምድር በታች ወደ ሃይሊ ጉቢ መዝለቁን ሳተላይቶች አይተው ነበር። እውቀት ነበረ፤ ከእውቀቱ እስከ መንደሩ ያለው መንገድ ግን እጅግ ይረዝማል።

መንገዱን የሚያስረዝመው አንዱ ነገር ስም ይመስለኛል። «እሳተ ገሞራ» የሚለው ቃላችን በኃጢአቷ የነደደችውን ከተማ ይዞ ይዞራል። ከእኛ በስተደቡብ፣ ከቡታጅራ አለፍ ብሎ፣ ቅላጭ ዐለት ከውኃ ጋር ተጋጭቶ ባፈነዳው ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ሐይቅ «ሐረ ሸይጣን» እንለዋለን። ስሞቹ ውብ ናቸው፤ ይለወጡ አልልም። ነገር ግን ቅጣትንና ሰይጣንን ብቻ የሚያስብ ሰው የሚጠብቀው ምሕረትን እንጂ ማስጠንቀቂያን አይደለም።

«ይህ የሳይንቲስቱ ሥራ ነው፤ ብዕረኛን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ያገባዋል እላለሁ። አመድ ሲወርድ ውኃውን ክደን፣ አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ ሸፍነው፣ ከብቱን ካልተበከለ ግጦሽ አድርስ፣ ከጣሪያው ላይ ሳይከብድ ጥረገው፤ ይህ ሁሉ በአፋርኛ፣ በአማርኛ፣ በጉራጊኛ፣ አፍ ላይ በሚቀር አጭር ቃል ሊነገር ይገባዋል። እንዲህ ያለውን ቃል የሚያውቀው ተረትና ምሳሌን የኖረበት ሰው ነው። አርብቶ አደሩም ተቀባይ ብቻ አይሁን። ዝናብ ሳያጥበው ከደጁ አንድ ጭብጥ አመድ አንሥቶ፣ የወረደበትን ሰዓትና ውፍረቱን የሚናገር ሰው፣ ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ የማያገኘውን ለስሌቱ ይሰጣል። ትብብር ከተባለ እርሱም የሙያው ባልደረባ ይሁን።

የጥያ ቀራጮች አንባቢያቸውን ያጡት በዘመን ርቀት ነው፤ አይፈረድባቸውም። እኛ ግን አንባቢያችን ጎረቤታችን ነው። ለእርሱ በማይነበብ ፊደል ብንጽፍ ምን እንመልሳለን?

ቸር ወሬ ያሰማን።