ሥራቸውን ማን ይውረስ?

ሰው ሲሞት የምናውቀው ሥርዓት አለን። ቀብር ይፈጸማል፣ ሐዘንተኛ ይጽናናል፣ ወራት ሲያልፍ ደግሞ ወራሾች ተጠርተው ንብረት ይከፋፈላሉ። ቤቱም፣ ሱቁም፣ የባንክ ደብተሩም ባለቤት ያገኛል፤ ካልተስማሙ ሽማግሌ አለ፣ ሽማግሌ ካቃተው ፍርድ ቤት አለ። ሟቹ በነጻ ሲሠሩት የኖሩትን ሥራ ማን እንደሚወርስ የሚጠይቅ ግን የለም። ሥራው ከሰውየው ጋር ይቀበራል፤ እኛም «እሳቸው የነበሩ ጊዜ» እያልን ማውራት እንጀምራለን።

እኔ በሐረር ጀጎል፣ ከፈረስ መጋላ ዝቅ ብሎ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የሒሳብ መምህሬ ሞት ነው። ተማሪዎቻቸው ሁሉ «ቲቸር» ነበር የምንላቸው፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ፣ እኛ ራሳችን ሸብተንም። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። በሕይወት ሳሉ ስማቸው ከመድረክ ሲጠራ በኋላ በር የሚወጡ ሰው ነበሩ፤ ደግሞም ስማቸው በአፎቻቸው፣ በሐረሪዎቹ የመረዳጃ ማኅበር፣ መዝገብ ሰፍሮ ይኖራል። የሚያሳስበኝ ሥራቸው ነው።

ክፍልፋይ ያስተማሩን በሜትር ነው። ከልብስ ሰፊ ሜትር ተውሰው ይመጡና አንዱን ልጅ አስነስተው ወገቡን ይለኩታል። «ስልሳ ሁለት! አንድ አራተኛው ስንት ነው?» ዝም ካልን ድምፃቸው ከፍ ይላል፦ «አቦ አስቡ እንጂ! ይሄ ልጅ ራቁቱን ይሂድ?» ዛሬ ሱሪ ስቆርጥ ወገቡን ለአራት አካፍዬ የስፌቱን ትርፍ የምጨምረው ያኔ በገባኝ ሒሳብ ነው። ቆይተው ደንበኛዬ ሆኑ። በዋጋ አጥብቀው ይከራከሩኛል፤ ካስቀነሱ በኋላ ደግሞ የመጨረሻዋን ሳንቲም ቆጥረው ይከፍላሉ። «ለእርስዎ በነጻ» ማለት እሳቸው ዘንድ ስድብ ነበር።

ከተማችን ማንን እንደምታስታውስ ለማየት አሁን ፈረስ መጋላ መሐል ቆማችሁ ዙሪያውን ተመልከቱ። ባጃጁና አሮጌው ፔጆ 404 ይተራመሳል። አደባባዩ ላይ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት የቆመው መታሰቢያ አለ። መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ከአጠገቡ ነው። ከጀጎል ግንብ ውጪ ባለው አደባባይ ደግሞ የራስ መኮንን ሐውልት በፈረስ ላይ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ቆሞ ነበር፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ፈረሰ። ስለ እነዚህ መታሰቢያዎች ክርክር ሞልቶናል፤ የማን ይቁም፣ የማን ይነሳ እየተባባልን ስንጣላ ኖረናል። በሐረር የአስተማሪ ሐውልት ይቁም ወይስ ይፍረስ ብሎ የተጣላ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

ከአስተማሪዎቻችን መካከል ስማቸው ከከተማዋ አልፎ የተሰማ አባ ሳሙኤል ናቸው። የካቶሊክ ካህን ነበሩ፤ በዚሁ በሐረር ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንን አስተምረዋል። በ1907 ዓ.ም. ሐረማያ ሐይቅ ላይ ተፈሪና አብረዋቸው የነበሩ ሰዎች የተሳፈሩባት ጀልባ አደጋ ሲደርስባት ተማሪው ተርፈው አስተማሪው ሰጠሙ፤ ተማሪያቸውን ሲያድኑ ነው እየተባለ ይተረካል። ተማሪው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪክ መምህራቸውን በአክብሮት አንስተዋቸዋል። አባ ሳሙኤል ስማቸው ሊደርሰን የቻለው ተማሪያቸው ንጉሥ ስለሆነ ነው። እንዲያም ሆኖ የከተማዋ ሰው ስለ እሳቸው ሲያወራ ሐይቁንና ጀልባዋን ነው የሚያወራው። እንዴት ያስተምሩ እንደነበር፣ ለሰነፍ ተማሪ ምን ያደርጉ እንደነበር ሲነገር አልሰማሁም። ንጉሥ ያስተማረ ሰው ሥራው እንዲህ ከተረሳ፣ ልብስ ሰፊና የፔጆ ሹፌር ያስተማረውስ?

ሐረማያን ካነሳሁ አይቀር፣ ያ ሐይቅ ለአሥርት ዓመታት የሐረርን ሰው ያጠጣ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲደርቅ የከተማችን የቆየ የውሃ ችግር ባሰበት። የቲቸርን ትልቁን ሥራ ያየሁት ያኔ ነው። በሰፈራችን ቦኖ ጀሪካን ተሰልፎ ያድራል፤ ጉልበት ያለው ይቀድማል፣ አሮጊቷ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ትመለሳለች። ቲቸር አንድ ቀን ባለ መስመር ደብተር ይዘው መጡና ሰልፉ በሰው ሳይሆን በቤት እንዲሆን አደረጉ። እያንዳንዱ ቤት በአንድ ዙር ሁለት ጀሪካን፤ አራስና በሽተኛ ያለበት ቤት ይቀድማል፤ ተራ የሸጠ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይሰረዛል። አንድ ነጋዴ ሦስት ጎረምሳ ልኮ ደርዘን ጀሪካን ሊያስቀዳ ቢሞክር፣ ቲቸር አልጮሁበትም። ደብተሩን ሰጡትና «እነዚህን ለቤቶቹ አካፍልልኝ፣ ለማን እንደማይደርስ ስሙን ጮክ ብለህ አንብብ» አሉት። አነበበ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጀሪካን ብቻ ይልክ ነበር። የቲቸር ቤት በደብተሩ የመጨረሻው መስመር ላይ ነበር። ውሃ አልቆ ባዶ እጃቸውን የገቡበት ቀን ብዙ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ትምህርት ቤት ይሆን ነበር። የሐረሪ ቤት የሚያውቅ ነደባውን ያውቀዋል፤ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ የተሠራው መቀመጫ ለክፍል የተፈጠረ ይመስላል። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ ማንበብ ለማይችሉ ሽማግሎች ነበር። ድሮ ከሳዑዲና ከካናዳ የሚመጣ ደብዳቤ ያነቡላቸው ነበር፣ ማመልከቻም ይጽፉላቸው ነበር፤ በኋላ የስልክ መልእክትና የቴሌብር ሒሳብ መጣ። ሽማግሎቹ የይለፍ ቃላቸውን ሊነግሯቸው ሲሞክሩ ቲቸር ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይይዙ ነበር፦ «እሱን ለኔ አትንገሩ፣ ጣታችሁን ነው የማስተምረው!» የሴቶቹ አፎቻ ሒሳብ ሲጠፋበትም ጠርተዋቸዋል። መዝገቡን እኔ ልያዝ አላሉም፤ ሁለት ሴቶች ገቢና ወጪ መጻፍ እስኪችሉ አብረው ተቀመጡ፣ ከዚያ ተነሱ።

ቤተሰባቸውን ሳላነሳ ይህን ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ አድርጌ ብተወው ውሸት ይሆንብኛል። ቲቸር የሦስት ሴት ልጆች አባት ነበሩ። ዘንቢል አንጠልጥለው ግድር መጋላ ገበያ የሚወርዱ፣ የልጆቻቸውን ደብተር ራሳቸው የሚለብጡ፣ ሚስታቸው ሲያማቸው ማጀት ገብተው ሾርባ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ቅዳሜ የሚመጣውን ልጅ ሁሉ የሚያስተናግዱት ሚስታቸው ነበሩ፤ ልጁን ሊወስድ የመጣውን ወላጅም ሐሸር ቃህዋ ሳያጠጡ አይሸኙም። ታላቅ ልጃቸው ለቅሶ ላይ ያለችኝን አልረሳውም። «ሁላችሁም አባታችን ነበሩ ትላላችሁ፣ እውነት ነው። እኛ ግን ቅዳሜ አባት አልነበረንም።» በቅሬታ አላለችውም፤ ሒሳቡን ስትነግረኝ ነው።

ነገሬ እዚህ ላይ ነው። በጎ ሰውን «አይደክማቸውም» እያልን ማመስገን ልማዳችን ነው። አይደክማቸውም ባልን ቁጥር ሌላ ሸክም እንጨምርላቸዋለን። ከዚያ ሲሞቱ «ምትክ የላቸውም» እንላለን፤ ይህም ምስጋና ይመስላል፣ ሲመረመር ግን ከሥራው ማምለጫ ነው። ምትክ ከሌላቸው ማንም መሞከር አይጠበቅበትማ!

መንግሥት በስማቸው ትምህርት ቤት ይሰይም የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። አልቃወምም። ዓለምም በየዓመቱ በመስከረም የመምህራን ቀን ያከብራል፣ ደስ ይላል። ነገር ግን በር ላይ የተለጠፈ ስም ቅዳሜ ጠዋት በር አይከፍትም። ፈረንሳዊው ደራሲ አልበር ካሙ በ1957 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ አልጄሪያ ላስተማሩት ለአንደኛ ደረጃ መምህሩ ለሉዊ ዠርማን የምስጋና ደብዳቤ ጽፏል። እኚያ መምህር አባቱ በጦርነት የሞተበትን ድሃ ልጅ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ሳያስከፍሉ ለፈተና አዘጋጅተውታል። ደብዳቤው ዛሬም ይነበባል። እኔን የሚገርመኝ ግን ያቺ ትርፍ ሰዓት ናት፤ እሷ ባትኖር ደብዳቤውም የለም።

ሥራን ማውረስ ለከተማችን እንግዳ ነገር አይደለም። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 አዋች የሚባሉ የቅዱሳን መዘከሪያ ቦታዎች እንዳሏት ጽፏል። በእነዚያ አዋች ከሚዘከሩት መካከል ሊቃውንትና አስተማሪዎች ይገኙበታል። ቦታውን የሚጠብቅ፣ የዚክሪውን ሌሊት የሚያሰናዳ ሙሪድ አለ፤ እሱ ሲያልፍ ኃላፊነቱን ሌላው ይረከባል። በእኛም በክርስቲያኖቹ ማኅበር የዚህ ወር ደጋሽ ጽዋውን ለተረኛው ሳያስረክብ አይበተንም። በሸሪፍ ሙዚየም ያሉትን የእጅ ጽሑፍ መጻሕፍት ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ የሐረር ሰው ቁርዓን ወቅፍ ሲያደርግ፣ ማለትም ለዘለቄታ አገልግሎት ሲሰጥ፣ መጽሐፉ ላይ ማስታወሻ ያሰፍር ነበር። ለጽዋና ለመጽሐፍ ያወቅንበትን ለሰው ድካም ማድረግ ለምን ያቅተናል?

ስለዚህ ለአፎቻውም ለእድሩም አንድ ሐሳብ አለኝ። ሐዘኑ ካበቃ በኋላ አንድ ምሽት ይጨመር። ያን ምሽት ገንዘብ አይዋጣም። ሟቹ ሳይከፈላቸው ይሠሩ የነበረው ሁሉ ይዘርዘርና ይጻፍ፦ ምን ቀን፣ ስንት ሰዓት፣ ለማን፣ እንዴት። ከባዱ ሥራ ለሁለት ለሦስት ይከፈል፤ አንድ ሰው የተሸከመውን አምስት ሰው ቢይዘው የማንም ልጅ ቅዳሜ አባት አያጣም። የሚረከበው ሰው ስሙ መዝገብ ላይ ይስፈር፣ ቢተወውም ለሌላ አስረክቦ ይተው። ወረቀቱ ከመዋጮው ደብተር ጋር ይቀመጥ። ከዓመታት በኋላ የከተማዋን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቢመጣ፣ ሰው እንዴት እንደኖረ ከዚያ ያገኘዋል።

«የፍቅር ሥራ በመዝገብ አይሆንም» ያሉኝ ሽማግሌ አሉ። አከብራቸዋለሁ፣ ግን ቲቸር የቦኖውን ፍቅር በባለ መስመር ደብተር ነው ያሳዩን።

እኛ ጀምረናል። የቅዳሜውን ትምህርት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በፈረቃ ይዘነዋል፤ ቦታውም ከቤታቸው ወጥቷል፣ ሚስታቸው ዐርፈው እንዲቀመጡ። የእኔ ተራ ክፍልፋይ ነው፣ ሜትር አላጣም። የሐሙሱን የስልክ ነገር አንዲት ወጣት ፋርማሲስት ወስዳዋለች። የሴቶቹ አፎቻ ሒሳብ ቀድሞም በራሱ ቆሟል። የቦኖው ደብተር ግን እስካሁን ተረካቢ አላገኘም፤ ውሃ የሚጠፋበት ጊዜ ሲመጣ ጠቡም አብሮ ይመጣል። በፈረስ መጋላ ዙሪያ የምትኖሩና ፈቃደኛ የሆናችሁ መኪና ግርግር ሱቄ ጎራ በሉ። የሚፈለገው ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ያለው፣ ለዘመዱ የማያዳላ፣ የራሱን ቤት መጨረሻ ላይ ለመጻፍ የማይከብደው ሰው ነው።