የተወጋ አይረሳም፤ የልጅ ልጁስ?

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ አበው። ብሂሉ እውነት ነው፤ ይሁንና ግማሽ እውነት ነው። ስለ ወጊውና ስለ ተወጊው እንጂ ስለ ተወጊው የልጅ ልጅ የሚለን ነገር የለም። ጦሩን ያላየ፣ ደሙ ያልፈሰሰ፣ ነገር ግን ቁስሉ የሚጠዘጥዘው ትውልድ ምን ያድርግ? ይህን ጥያቄ እንደገና እንዳነሣ ያስገደደኝ ሰሞኑን ለሁለተኛ ጊዜ የተመለከትሁት «ኤ ሪል ፔይን» የተሰኘ ፊልም ነው።

የፊልሙ ደራሲና አዘጋጅ፣ ከሁለቱ መሪ ተዋንያንም አንዱ፣ አሜሪካዊው ጄሲ አይዘንበርግ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በሰንዳንስ ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ በ2025 ደግሞ ለኪራን ከልኪን የኦስካርን የምርጥ ረዳት ተዋናይ ሽልማት አስገኘ። ርእሱ በእንግሊዝኛ ሁለት ፍች አለው፤ እውነተኛ ሕመም ማለትም፣ አስቸጋሪ ሰው ማለትም ይሆናል። ሁለቱም ፍች ቤንጂ በተባለው ገጸ ባሕርይ ላይ ይገናኛሉ።

ዴቪድና ቤንጂ የአጎት ልጆች ናቸው። ከናዚዎች እልቂት የተረፉት አያታቸው ሲያርፉ፣ የትውልድ አገራቸውን ለማየት ወደ ፖላንድ ይጓዛሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በዚያች አገር 3.3 ሚሊዮን ገደማ አይሁድ ይኖሩ ነበር፤ ከእነርሱም 3 ሚሊዮን ያህሉ ተገድለዋል። የልጅ ልጆቹ ግን የሚደርሱት በአስጎብኚ እየተመሩ፣ በጥሩ ሆቴል እያደሩ፣ በባቡር አንደኛ ማዕረግ ተቀምጠው ነው። ቤንጂ በዚህ ምቾት ይቆጣል፤ አያቶቻችን በባቡር እንዴት እንደተጫኑ እያወቅን እንዴት እንዲህ እንቀመጣለን ይላል። በመቃብር ስፍራም አስጎብኚውን ቁጥርና መረጃ አበዛህብን ብሎ ያሳፍረዋል። ያስቃል፤ ያሳቅቃልም። ይኸው ቤንጂ ግን ከጥቂት ወራት በፊት የገዛ ሕይወቱን ለማጥፋት ሞክሮ የተረፈ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነው የፊልሙ ጥያቄ የሚነሣው። አያቲቱ በሺህ ተአምር ከሞት ተርፈው ሳለ፣ በሰላም አገር የተወለደው የልጅ ልጅ እንዴት መኖር ያቅተዋል? ፊልሙ መልስ አይሰጥም። በሉብሊን ከተማ ጠርዝ ወደሚገኘው የማይዳኔክ ማጎሪያ ሲያደርሰን ቀልዱ ይቆማል፤ ንግግርም ይከስማል። ከዚያ ሲመለሱ ቤንጂ በአውቶቡሱ ውስጥ ያለቅሳል።

በእልቂት ጉዳይ ቀልድ ነውር አይደለምን የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን የአገሬን ለቅሶ ቤት አስታውሰዋለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት፣ የሟቹን አመል እያነሡ ሐዘንተኛውን ፈገግ የሚያሰኙት ጎረቤቶች ሟቹን ንቀው አይደለም። ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይቀር እንጂ።

የእኛን ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ ስማችንን እንመልከት። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ እየተባልን የምንጠራ ስንቶች ነን? ከእኔ በፊት ለሞተ ሰው ምትክ፣ ለእናት እንባም ማስረሻ እንድሆን ተወልጃለሁ ማለት ነው። እኔም ከእነዚህ ስሞች አንዱን የተሸከምሁ ነኝ። አጎቴ በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ተገደለ። አያቴ ልጃቸውን በአደባባይ ማልቀስ አልተፈቀደላቸውም፤ እርሳቸው ያላለቀሱት ለቅሶ በዝምታ ወደ እኛ ተላለፈ። ቤታችን ውስጥ ፎቶግራፉ ነበር፤ ታሪኩ ግን አልነበረም። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን፣ መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ስጎበኝ ዕንባዬ ለማን እንደሚፈስ ለይቼ አላውቅም ነበር። ፊቱን አይቼው ለማላውቀው ሰው ነውን? ወይስ ሳያለቅሱ ላረፉት አያቴ?

እንደ እኔ እምነት፣ ያልተለቀሰ ሐዘን አይጠፋም፤ መልኩን ይለውጣል። በግለሰብ ላይ ሲሆን እንደ ቤንጂ ራስን መብላት ይሆናል። በሕዝብ ላይ ሲሆን ደግሞ ፖለቲካ ይሆናል። የእኛ ሙታን ከእናንተ ሙታን ይበዛሉ እያልን አስከሬን የምንቆጥረው፣ ወንዙን ሳንሻገር የሌላውን ሐዘን የምንክደው ከዚህ የተነሣ ነው። የፊልሙ ተጓዦች መካከል እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ የሩዋንዳ የዘር ፍጅት የተረፈና የአይሁድን እምነት የተቀበለ ሰው አለ። ከሌላው ሐዘን ጎን ሲቆም የራሱ አልቀነሰበትም።

በመጨረሻ ሁለቱ የአያታቸውን ቤት ያገኛሉ። ተራ ቤት ነው። በአይሁድ ልማድ መሠረት ለመታሰቢያ ደጃፉ ላይ ድንጋይ ያስቀምጣሉ። አንድ ጎረቤት ግን ያስቆማቸዋል፤ እዚያ የሚኖሩት አሮጊት ናቸው፣ ይደናቀፉበታል ይላቸዋል። እነርሱም ያነሡታል። ዴቪድ ድንጋዩን ኒው ዮርክ ወስዶ በገዛ ቤቱ ደጃፍ ያኖረዋል።

ፖለቲከኞቻችን ይህን ትዕይንት ቢያዩት እወዳለሁ። የሙታናችንን ድንጋይ አንጣለው፤ ነገር ግን ሌላው ሰው በሚደናቀፍበት ደጃፍም አናስቀምጠው። ስሙን፣ ቀኑን፣ ታሪኩን ለልጆቻችን ነግረን በራሳችን ደጅ እናኑረው። ያን ጊዜ ምናልባት የልጅ ልጆቻችን ስማቸው ምትኩ መሆኑ ይቀርላቸዋል።