ደም የሚረጋው አየር ስለነካው ነውን?

በቅርቡ ከሰልጣኞቻችን አንዱ በመለማመጃ ትምህርቱ ላይ «ደም ከሰውነት ወጥቶ አየር ሲነካው ይረጋል» ብሎ ሰሌዳ ላይ ጻፈ። ማንም አላረመውም። እኔም ዝም አልኩ፤ ለዓመታት እንዲሁ ሳስተምር ኖሬአለሁና። ነገሩ ግን ስሕተት ነው፤ ያውም የቆየ ስሕተት።

የሚያረጋው አየር ከሆነ፣ በእግር ወይም በልብ ደም ሥር ውስጥ ረግቶ ሰው የሚገድለው ደም አየሩን ከየት አገኘ? ደግሞስ በእኛ ቆላ አገር እፉኝት የነደፈችው ሰው ከድዱ ሲደማ፣ ደሙ አየር እየነካው ለምን አልረጋ ይላል? የአንዳንድ እፉኝቶች መርዝ ለመርጋት የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ስለሚጨርስበት ነዋ! ሐኪሞች ይህን የሚለዩት ጥቂት ደም በንጹሕና ደረቅ ብልቃጥ ቀድተው፣ ሳይነቀንቁ 20 ደቂቃ በማቆየት ነው። ካልረጋ መርዙ ደሙን ይዞታል ማለት ነው። ብልቃጡ የግድ የመስተዋት መሆን አለበት፤ ደሙን የሚቀሰቅሰው የመስተዋቱ ገጽ እንጂ አየሩ አይደለምና።

ጣሊያናዊው ቢዞዜሮ እ.ኤ.አ. በ1882 በሕያው እንስሳ ደም ሥር ውስጥ፣ ፕላትሌት የሚባሉት ደቃቅ የደም ክፍሎች በቆሰለው ግድግዳ ላይ ሲለጠፉ በማይክሮስኮፕ አየ። የዛሬ ተመራማሪዎች ደግሞ በሲሊኮን ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቦይ ይቀርጻሉ። ወለሉን ኮላጅን ይቀቡታል፤ ኮላጅን ማለት ደም ሥር ሲቀደድ ብቻ ከደም ጋር የሚገናኝ ፕሮቲን ነው። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ደም ያፈሱበታል። አየር በሌለበት ቦይ ውስጥ ፕላትሌቶቹ ኮላጅኑ ላይ ይከመራሉ። እኔን የገረመኝ፣ ፍሰቱ ሲፈጥን አንድ የተጠቀለለ ፕሮቲን እንደ ገመድ ተዘርግቶ ፕላትሌቶቹን መያዙ ነው። እንዴ! ዳዋ ሲሞላ ያገኘውን ጠርጎ ይሄድ የለም እንዴ? እዚህ ግን ጎርፉ ራሱ ያስይዛል።

ይህን የምጽፈው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ገጠር ውስጥ ከተነደፈው ልጅ አጠገብ ቀድሞ የሚገኘው ብዙ ጊዜ አስተማሪ ነው። «ቁስሉ አየር ያግኝ፣ ይረጋል» ብሎ ሲጠብቅ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ማድረሻው ሰዓት ያልፋል።

ቦዩን ሰሌዳ ላይ መሳል ቀላል ነው፤ የሰው ደም ግን ክፍል ውስጥ ከቶ አይውጣ። በሚቀጥለው መለማመጃም ያንን ዓረፍተ ነገር የሚጽፍ ካለ እጃችሁን አውጡና «በእግር ሥር ውስጥ የረጋውስ?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔም ብሆን።