ልብ ወለድን የሰጠን ባንዳ

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ‹‹እሳቸው›› ልበላቸው ወይስ ‹‹እሱ››? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም፡፡ አማርኛ እንዲህ ነው፤ ስለ ሰው ገና ማውራት ስንጀምር ፍርድ ስጡ ይለናል፡፡ ‹‹እሳቸው›› ካልኩ የአገር ባለውለታ አደረግኋቸው፡፡ ‹‹እሱ›› ካልኩ ደግሞ ያዋረድኩት ይመስላል፡፡ ደራሲን ‹‹እሱ›› ብሎ መጻፍ የተለመደ ስለሆነ እኔም በዚያው እቀጥላለሁ፡፡ ንቀት ነው ብላችሁ አትውሰዱብኝ፤ ይቅርታ አድርጌለታለሁ ብላችሁም እንዳታስቡ፡፡

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፡፡ ‹‹ልብ ወለድ›› የሚለውን ቃል ከየት አመጣነው? ‹‹ልብ ወለድ እወዳለሁ››፣ ‹‹ይሄማ ልብ ወለድ ነው››፣ ‹‹አጭር ልብ ወለድ ጽፌ ነበር›› እንላለን፡፡ ቃሉ ጥንት የነበረ ይመስለናል፡፡ አፈወርቅ በ1900 ዓ.ም ሮም ውስጥ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አሳተመ፤ ስሟ ‹‹ልብ ወለድ ታሪክ›› ነው፡፡ ዘጠና ገጽ ገደማ ናት፡፡ ዛሬ ‹‹ጦቢያ›› በሚለው ስም የምናውቃት፣ የመጀመሪያዋ የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ ማለት ነው፡፡ የመጽሐፏ ስም የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ስም ሆኖ ቀረ፡፡ ከአፈወርቅ በኋላ የመጣ የአማርኛ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሁሉ ሥራው የሚጠራው እሱ ባወጣው ስም ነው፡፡

ይኸው ሰው በጣሊያን ወረራ ዘመን ‹‹አፈ ቄሣር›› የሚል ማዕረግ ተሰጥቶት ነበር፡፡ በግልጽ አማርኛ የቄሣሩ አፍ ማለት ነው፡፡ ማዕረጉንም ሠርቶበታል፡፡ ለወራሪው ጽፏል፣ ተናግሯል፣ ሕዝቡ አርፎ እንዲገዛ መክሯል፡፡

በትምህርት ቤት እነዚህን ሁለት አፈወርቆች ያስተማሩን ለየብቻ ነው፡፡ የአማርኛ መምህሩ ‹‹የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ ማነው?›› ብሎ ይጠይቅና መልሱን ያስጠናናል፤ በፈተናም ይመጣል፡፡ የታሪክ መምህሩ ደግሞ ስለ ባንዳዎች ሲያወራ ስሙን ካነሳው ያነሳዋል፣ ካላነሳውም አለፈ፡፡ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ብዙዎቻችን የሰማነው በወሬ ነው፡፡ እኔ የምለው፣ ይህ አከፋፈል ለሰውየውም ለእኛም አይበጅም፡፡ አንድ ላይ ካልተነገረ ሁለቱም ወገን ውሸት ይሆናል፡፡

ታሪኩን በአጭሩ ላውጋችሁ፡፡

አፈወርቅ በ1860 ዓ.ም ጣና ዳር ዘጌ ተወለደ፡፡ ሥዕል ይችል ነበርና ምኒልክ ጣሊያን አገር ልከው አስተማሩት፤ ቶሪኖ በሚገኘው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማረ፡፡ ተመልሶ በቤተ መንግሥት ሰዓሊ ሆኖ ሠራ፡፡ ከዚያ ከሁለት ወጣት ኢትዮጵያውያን ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተላከ፡፡ ይህ የሆነው ከአድዋ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፡፡ ጦርነቱ ሲቃረብ የላከው አገር ሲዘምት እሱ ድንበር ተሻግሮ ጣሊያን ገባ፡፡ አዎ፣ ጠላት ጋ፡፡ በ1928 ዓ.ም ያደረገውን በ1888 ዓ.ም ዋዜማ ተለማምዶታል ማለት ነው፡፡

ጣሊያን ስትሸነፍ ወደ አገሩ መመለስ አልቻለም፡፡ ኔፕልስ በሚገኘው የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተማረ፤ የሰዋስው መጻሕፍት ጻፈ፡፡ ‹‹ልብ ወለድ ታሪክ››ን የጻፈው በዚህ በስደት ዘመኑ ነው፡፡ በ1901 ዓ.ም ደግሞ ‹‹ዳግማዊ ምኒልክ››ን አሳተመ፡፡ መጽሐፉ ምኒልክን ሰማይ ሲያደርስ አጤ ዮሐንስን ያንኳስሳል፡፡ ከድቶ የሄደ ሰው የከዳውን ንጉሥ እንዲህ ሲያወድስ እኔ የሚታየኝ የመታረቂያ ደብዳቤ ነው፡፡

በኋላ ታረቀም፡፡ ወደ አገሩ ገባ፣ በ1910ዎቹ ድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም ሆነ፤ ነጋድራስ የሚለው ማዕረጉ ከዚህ ሥራ ጋር የሚሄድ ነው፡፡ ቀጥሎ አገሩን ወክሎ ሮም ተላከ፡፡ እንግዲህ አስቡት፡፡ ለጣሊያን ገብቶ የነበረን ሰው ኢትዮጵያ መልሳ አምና ጣሊያን ላከችው፡፡ ከዚህ በላይ ይቅርታ ምን አለ? ጦርነቱ ሲመጣና አገር ስትወረር ግን አፈወርቅ ዳግመኛ ከወራሪው ጋር ተገኘ፡፡

‹‹ባንዳ›› የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያን ካስታቀፈን ቃላት አንዱ ነው፡፡ በሥሩ ላሰለፋቸው የአገሬው ተወላጆች ጦር የሰጠው ስም ነበር፤ እኛ ስድብ አደረግነው፡፡ አፈወርቅ ግን ጠመንጃ የያዘ ባንዳ አልነበረም፡፡ እሱ ያበደረው ብዕሩን ነው፡፡ ከተራው ባንዳ ይልቅ የእሱ ነገር የሚከብደኝም ለዚህ ነው፡፡ ተራው ባንዳ ደመወዝ አይቶ፣ ጎረቤቱን ተቀይሞ ወይም ፈርቶ ገብቶ ይሆናል፡፡ ‹‹የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ›› የሚል ተረት ያለን ሕዝቦች ነን፤ ይህን ዓይነቱን እናውቀዋለን፡፡ አፈወርቅ ግን ያነበበ፣ ያየ፣ ሁለት ዓለም የሚያውቅ ሰው ነበር፡፡

አሁን ወደ መጽሐፏ ልመልሳችሁ፡፡ ያላነበባችሁ አንብቧት፤ ቀጭን ናት ብያለሁ፡፡ አንድ የጦር አለቃ በጦርነት ይማረካል፡፡ የማይታወቅ ነጋዴ ቤዛውን ከፍሎ ያስለቅቀውና ምስጋናም ሳይቀበል ይሄዳል፡፡ የአለቃው ልጅ ዋሕድ ‹‹የዚህን ሰው ውለታ ሳልከፍል አላርፍም›› ብሎ ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣል፡፡ መከራው ከዚያ ይጀምራል፡፡ መንታ እህቱ ጦቢያ ወንድ መስላ፣ ልብሷን ለውጣ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትነሳለች፡፡ የንጉሥ ዘመድ የሆነች ቆንጆ እንኳ ጦቢያን ወንድ መስላት ትወዳታለች! ዛሬም ይዞ የሚሄድ ታሪክ ነው፡፡

የታሪኩ ሞተር ምን እንደሆነ አያችሁ? ውለታ ነው፡፡ አንድ ወጣት የተዋለለትን ውለታ ላለመብላት ቤቱንና እናት አባቱን ትቶ ይሄዳል፣ ይንከራተታል፡፡ ይህን የጻፈው በአገሩ ወጪ ተምሮ አገሩን የከዳ ሰው ነው፡፡ ጀግናዋንም ‹‹ጦቢያ›› ብሎ ሰየማት፤ ኢትዮጵያ ማለት ነው፡፡ ይህን ካወቅሁ በኋላ መጽሐፏን እንደ ድሮው ማንበብ አልቻልኩም፡፡ መጽሐፏ ግን አልጠፋችብኝም፤ እንዲያውም ገዘፈችብኝ፡፡ ዋሕድ ውለታ ሲል በሰማሁ ቁጥር ደራሲው ምን ይሰማው ነበር እላለሁ፡፡

‹‹ሥራውን ከሰውየው ለዩት›› የሚሉ ወዳጆቻችን ይህን ያሳጡናል፡፡ ሥራውን ከሰውየው ከለየን የሚቀረው ለፈተና የሚጠና አንድ መስመር ነው፡፡

‹‹ባንዳ ነው፣ ጣሉት›› የሚሉትም ሌላ ነገር ያሳጡናል፡፡ አፈወርቅ የተናገረው ሁሉ ስህተት አልነበረማ! በ1900 ዓ.ም ለመንገደኛ ብሎ ባሳተመው የፈረንሳይኛና የአማርኛ ማነጋገሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገበሬው በወታደር ሲዘረፍ፣ ጉቦ ሲነግሥ፣ ድሀው ሲገፋ ያሳያል፡፡ እውነቱን ነው፡፡ ያን ጊዜ ይህን በጽሑፍ የደፈረ ስንት ሰው ነበር?

ጥያቄው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፡፡ አገሩን በትክክል የተቸ ሰው እንዴት ወደ ወራሪው ጉያ ይገባል?

መልሱን ከሌላ ሰው ጋር አስተያይቼ ልሞክር፡፡ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በዚያው ዘመን የነበረ፣ እሱም አውሮፓ የተማረ ነው፡፡ ትችቱ ከአፈወርቅ ቢከፋ እንጂ አይለዝብም፡፡ በ1904 ዓ.ም በታተመው ‹‹አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ›› ላይ፣ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ይላል፤ የተደረገውን የሚያስተውል ልቡና፣ ሳያዳላ የሚፈርድ አእምሮ፣ ያየውንና የፈረደውን የሚገልጽበት የጠራ ቋንቋ፡፡ የአፈወርቅንም የምኒልክ ታሪክ በማዳላቱ ተችቶታል፡፡ ሦስተኛው ለአፈወርቅ ሞልቶ ተርፎታል፤ የጎደለው ሁለተኛው ነው፡፡ ገብረ ሕይወት ያንን ሁሉ ነቀፌታ ይዞ በአገሩ በምድር ባቡርና በጉምሩክ ሲሠራ ቆየ፤ በ1911 ዓ.ም ገና በወጣትነቱ ሞተ፡፡ ‹‹መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር›› የታተመለት ከሞተ በኋላ ነው፡፡

ሁለቱም ኋላ ቀርተናል ብለዋል፡፡ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፡- ለገብረ ሕይወት ሥልጣኔ ሕዝቡ ተምሮና ሠርቶ የሚደርስበት ነገር ነበር፡፡ ለአፈወርቅ፣ አያያዙን ሳየው፣ ሥልጣኔ ባለቤት ያለው ዕቃ ሆነበት፤ ባለቤቱ በታንክም ቢመጣ በሩን መክፈት ነው፡፡ ከችግራችን ጋር የተጣላ ሰው ሳያስበው ከእኛው ጋር ተጣላ፡፡ ይህ በሽታ ከእሱ ጋር የተቀበረ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም፡፡ ‹‹ይሄ ሕዝብማ…›› ብሎ ጀምሮ ‹‹…ቅኝ ብንገዛ ይሻለን ነበር›› ብሎ የሚጨርስ ሰው ካፌ ውስጥ ሰምታችሁ አታውቁም? ቀልድ ነው ይባላል፡፡ አፈወርቅ ቀልዱን የኖረው ሰው ነው፡፡

ያን ጊዜ ምርጫ አልነበረም እንዳትሉኝ፡፡ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ደራሲ ነበሩ፤ በ1931 ዓ.ም እንግሊዝ አገር በስደት ሞቱ፡፡ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በኋላ ጣሊያን እያደነ ከጨረሳቸው ውስጥ የተማሩ ወጣቶች ብዙ ነበሩ፡፡ ምርጫማ ነበር፤ ዋጋው ነው የከበደው፡፡

ለፍትሕ ሲባል ደግሞ ይህንንም እንናገር፡፡ ከነፃነት በኋላ አፈወርቅ ተይዞ ጅማ ተጋዘ፡፡ ዓይኑ ጠፋ፤ በ1940 ዓ.ም መስከረም ላይ እዚያው ሞተ፡፡ ለጣሊያን ገብተው ከነበሩት መሳፍንትና መኳንንት ግን ሹመታቸው የተመለሰላቸው አሉ፡፡ ዘርና ሠራዊት ያለው ባንዳ ይታረቃል፤ ብዕር ብቻ ያለው ይጋዛል፡፡ ይህ የአፈወርቅን ጥፋት አያቀልም፡፡ የፈረደበት ሥርዓት ንጹሕ ዳኛ እንዳልነበረ ግን ይነግረናል፡፡

ታዲያ ምን እናድርገው? የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው፡፡ ‹‹ጦቢያ›› በታተመች ቁጥር መግቢያው ላይ ‹‹አፈ ቄሣር›› የሚለው ይጻፍ፡፡ ባንዳነቱ በተነገረ ቁጥርም ‹‹ልብ ወለድ የሚለውን ቃል የሰጠን እሱ ነው›› ይባል፡፡ በአንድ ገጽ፣ በአንድ ትንፋሽ፡፡ የአማርኛ መምህሩና የታሪክ መምህሩ አንድ ቀን አብረው አንድ ክፍል ይግቡ፡፡ ተማሪውም ‹‹ማነው?›› ከሚለው ይልቅ ‹‹ለምን?›› የሚለውን ይፈተን፡፡

እኛ ሰው ስናነሳ ወይ ሐውልት እናቆምለታለን ወይ ስሙን እንፍቃለን፡፡ ሐውልቱ የሚጠቅመው ለጀግና ነው፤ መፋቅ የሚጠቅመው ደግሞ ለከሃዲ ነው፡፡ አፈወርቅን ብንፍቀው ውለታ እንውልለታለን፤ የሠራውን ማንም አይጠይቀውማ፡፡ ሐውልት ብናቆምለት ደግሞ የየካቲት 12ቱ ሟቾች ምን ይሉናል?

ስለዚህ እናንብበው፡፡ እያነበብንም እንፍረድበት፡፡