የሰበር ውሳኔዎች በኤፒአይ እንዲከፈቱልን የቀረበ አቤቱታ

ለሚመለከተው የፍርድ ቤት አስተዳደር

እኛ ስማችንና ፊርማችን በአባሪው የሰፈረው አመልካቾች፣ የሕግ መፈለጊያ ሶፍትዌር የምንሠራ ባለሙያዎችና በዚያው የምንገለገል ጠበቆች ነን።

በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም እርከን ያለን ፍርድ ቤት ያስገድዳል፤ አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ይህንኑ አጽንቷል። ችሎቱ ግን ቀድሞ የሰጠውን ትርጉም ሊለውጥ ይችላል። ትናንት ያስገድድ የነበረው ትርጉም ዛሬም መጽናቱን የምናረጋግጠው ውሳኔዎቹ የታተሙባቸውን ቅጾች አንድ በአንድ እያገላበጥን ነው።

ውሳኔዎቹ ድረ ገጽ ላይ አልተጫኑም አንልም፤ ተጭነዋል፣ እናመሰግናለን። ነገር ግን ብዙዎቹ በስካነር የተነሡ ምስሎች ናቸው። ሌሎቹ በዱሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች በመተየባቸው ስንገለብጣቸው ፊደሉ ወደማይነበብ የላቲን ምልክት ይለወጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መስፈርት ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነውና ጊዜ አጠረ የሚባልበት ዘመን አልፏል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ያንኑ ቅጽ ለየብቻችን እንደገና እንተይባለን፤ አንዱ የመዝገብ ቁጥር ሲስት ስሕተቱ በጠበቃው ማመልከቻ ገብቶ ዳኛው ፊት ይቀርባል። የሚጎዳው ባለጉዳዩ ነው።

የምንለምነው ኤፒአይ፣ የእኛ ፕሮግራም የመዝገብ ቁጥር ወይም የሕግ አንቀጽ ጠቅሶ ሲጠይቅ የፍርድ ቤቱ ሥርዓት የውሳኔውን ጽሑፍ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ትርጉሙ ተለውጦ ከሆነም የለወጠውን ውሳኔ ቁጥር የሚመልስበት በር ነው። «ሠራተኛ»ን በ«ሰ» ጽፎ የፈለገም ባዶ እጁን እንዳይመለስ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2022 ጀምሮ ፍርዶችን በዚህ መንገድ ይሰጣል፤ የሚጠቀምበት አኮማ ንቶሶ የተባለው የሰነድ መስፈርት፣ ልብ ይባልልን፣ ለአፍሪካ ፓርላማዎች ተብሎ የተጀመረ ነው።

ምስጢር ይወጣል የሚል ስጋት ተነግሮናል። በዝግ ችሎት የታየ ጉዳይ፣ የሕፃናትም ሆነ የቤተሰብ መዝገብ አልጠየቅንም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም እናከብራለን። ታትሞ ለሕዝብ የተሰራጨ ውሳኔ ኮምፒውተር ሲያነበው ብቻ ምስጢር ይሆናል መባሉን ግን አንቀበልም። ለአንድ ድርጅት በውል ይሰጥ የሚለውንም እንቃወማለን፤ ሁላችንን የሚያስገድድ የሕግ ትርጉም የአንድ ነጋዴ ሸቀጥ ሊሆን አይገባም።

በመሆኑም በሩ ለሁሉም እኩልና ያለ ክፍያ እንዲከፈት፣ አዲስ ውሳኔ በታተመበት ቀን እንዲገባበት፣ የቀደሙት ቅጾች በዩኒኮድ እስኪተየቡ በእጅ ያለው እንዲለቀቅልን ትእዛዝ ይሰጥልን፤ አቤቱታችን ተቀባይነት ካጣም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልን በታላቅ አክብሮት እናመለክታለን።

አመልካቾች